ስድስቱ ጎረቤቶች እኩል ያልሆኑበት ምክንያት

(ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በመጡ ተማሪዎች በማኅበሩ የሳይንስ ምሽት የተሰጠ ንግግር)



በዚህ ምሽት የመናገር ተራው በደረሰን ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቻችን ርእሱን አይተው «ከንፋስ መውጫ የመጣ ሰው ስለ ንፋስ ቢናገር አይሻለውምን?» ብለው ቀልደውብናል። ቀልዱን በደስታ ተቀብለናል። ከተማችን ከጉና ተራራ ወዲያ በደጋው ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም። ነገር ግን ስለ ንፋሱ የሚናገር ሞልቷል። እኛ የመረጥነውን ነገር በአማርኛ ሲናገሩት ገና አልሰማንም፤ ስለዚህ ድፍረት ባይሆንብን በርሱ ላይ ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። በየጎኑ እኩል ሆኖ የተሠራ ሞሌኪውል ወይም ክሪስታል፣ ኤሌክትሮኖቹ ከእኩያ ማደሪያዎች መካከል አንዱን ለማበላለጥ የተገደዱ እንደ ሆነ፣ እኩልነቱን ይዞ ሊቆም አይችልም፤ የግድ ወደ አንድ ወገን ይለጠጣል ወይም ይጨመቃል። ይህን በዓለም ላይ የያን–ቴለር ውጤት ይሉታል። «እኩልነት» የሚለውን ቃል በጠራን ጊዜ ከኋላው ረድፍ ሣቅ ሰምተናል፤ የምንናገረው ስለ አቶሞች ብቻ መሆኑን በትሕትና እናስታውቃለን።

ከጥቁር ሰሌዳው እንጀምር። አንድ የብረታ ብረት አዮን ውሃ ውስጥ በገባ ጊዜ ስድስት የውሃ ሞሌኪውሎች እንደሚከቡት፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አራቱ በዙሪያው እንደሚቆሙ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልተነገረው በመካከላችን የለም። መምህሩ መካከሉ ላይ ነጥብ ያደርጋል፤ ከነጥቡ ስድስት እኩል መስመሮች ያወጣል፤ ተማሪውም በማስመሪያ እየለካ ይገለብጣል። ይህ ሥዕል ለኒኬልና ለክሮሚየም አዮን፣ ለሌሎችም ለብዙዎቹ የታመነ ነው። ለመዳብ ግን አይሆንም።

ማስረጃው በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ መደርደሪያው ባዶ ካልሆነ፣ በጠርሙስ ተቀምጧል። ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት ማለታችን ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ቢቨርስና ሊፕሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ይህን ክሪስታል በኤክስ ሬይ መርምረው አቶሞቹ እንዴት እንደ ተደረደሩ አሳዩ። በመዳቡ አዮን ዙሪያ አራት የውሃ ሞሌኪውሎች በቅርብ ቆመዋል፤ ርቀታቸውም ወደ 1.97 አንግስትሮም ነው። አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ኦክስጅኖች ግን እስከ 2.4 አንግስትሮም ድረስ ርቀዋል፤ እነርሱም የውሃ ሳይሆኑ የሰልፌቱ ናቸው። የዚህ ጨው ስም «አምስት ውሃ ያለው» ማለት ሲሆን አምስተኛው ውሃ መዳቡን ሳይነካ በሌላ ሥፍራ ተይዞ ይገኛል።

ከመካከላችን አንዱ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ይህን ስም ሰምቶ «ጎረቤቶቹ ስድስት ከሆኑና ውሃው አምስት ከሆነ የስድስተኛው ቦታ በምን ይሞላል?» ብሎ ጠየቀ። «ይህ ለፈተና አይመጣም፤ ተቀመጥ» ተባለና ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱንም የመምህሩንም ስም አንጠራም፤ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ይህን መልስ ያልሰማ ጥቂት ስለ ሆነ ስም መጥራቱ ትርጉም የለውም። ነገር ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ሲጠየቅ ምን እንደሚከተል ለማሳየት ወደዚያው ወደ 1934 ዓመት፣ ወደ ኮፐንሃገን ከተማ እንሻገር።

በኮፐንሃገን የኒልስ ቦር ተቋም በዚያን ጊዜ የዓለም ወጣት ፊዚክስ ተማሪዎች መሰብሰቢያ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ ከቡዳፔስት የመጣው ኤድዋርድ ቴለር ነው፤ ናዚዎች ሥልጣን ስለ ያዙ ጀርመንን ለቅቆ ነበር። ሁለተኛው ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ሌቭ ላንዳው ነው። ሁለቱም የተወለዱት በጥር 1908 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ገና የ26 ዓመት ጎልማሶች ነበሩ፤ ይህም ማለት በዚህ አዳራሽ ካሉት ረዳት መምህራን ብዙዎቹን አይበልጡም። ቴለር በኋላ እንደ ተረከው፣ ሩዶልፍ ሬነር የተባለ ተማሪው ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞሌኪውል ያደረገውን ስሌት ለላንዳው ነገረው። ይህ ሞሌኪውል ሦስት አቶሞች በቀጥታ መስመር የተሰለፉበት ነው። ላንዳው ወዲያው ተቃወመ። ኤሌክትሮኖቹ እኩያ ማደሪያዎች ካሏቸው ሞሌኪውሉ ቀጥ ብሎ ሊቆም አይችልም፤ መዛባት አለበት፤ ስለዚህ የተማሪህ ስሌት መነሻው ልክ አይደለም አለው።

ቴለር ተከራከረ። ቀጥተኛ ሞሌኪውል ወደ ላይ ቢታጠፍ ወይም ወደ ታች ቢታጠፍ አንድ ነው፤ አንዱን መታጠፍ ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ማጠፍ ብቻውን ለኤሌክትሮኑ ትርፍ አያስገኝለትም ብሎ አስረዳው። ላንዳውም ተረታ። ክርክሩ በዚህ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ እኛም ዛሬ የምንናገረው ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ቴለር ካሸነፈ በኋላ የተሸናፊውን ነገር ይዞ ሄደ። ላንዳው በቀጥተኛው ሞሌኪውል ላይ ቢሳሳት ቀጥተኛ ባልሆኑት በሌሎቹ ሁሉ ላይስ? ለንደን ከተማ ሄርማን ያን የተባለ፣ ወላጆቹ ጀርመናውያን የሆኑ በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሳይንቲስት ነበረ፤ ስለ ሲሜትሪ ማለት ስለ ቅርፅ እኩልነት የሚናገረውን የሒሳብ ክፍል አጥብቆ ያውቃል። ሁለቱ ሆነው ሞሌኪውሎች ሊይዙት የሚችሉትን የሲሜትሪ ዓይነት ሁሉ ተራ በተራ አንድ ሳያስቀሩ መረመሩ። ከቀጥተኛው በቀር ሁሉም ላንዳው እንዳለው ሆኖ አገኙት። በኤሌክትሮን ስፒን ብቻ የሚመጣውን እኩያነት ያን በ1938 እ.ኤ.አ. ለብቻው ተመልክቶታል። የሁለቱ ጽሑፍ በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት የወጣው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ ዓመት በኛ አገር የየካቲት 12 ዓመት መሆኑን ሳናስታውስ ማለፍ አልቻልንም።

ቴለር ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃይድሮጂን ቦምብ ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነው፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የተፈነዳውም ቦምብ የርሱ እጅ አለበት። ይህን የምናነሣው ስሙን ስናወድስ እንዳንውል ነው። የ1937ቱ ሥራ ግን ማንንም አልጎዳም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የመዳብ አዮን በውጭው ክፍል ዘጠኝ ኤሌክትሮኖች አሉት። የሚያድሩባቸው ማደሪያዎች፣ በመጽሐፍ ኦርቢታል የሚባሉት፣ አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም ሁለት ኤሌክትሮን ይችላል። አዮኑ ብቻውን በነበረ ጊዜ አምስቱም እኩያ ነበሩ። ስድስት ጎረቤቶች ከከበቡት በኋላ ግን ሦስቱ ማደሪያዎች በጎረቤቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ስለሚያልፉ ዝቅ ይላሉ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚያመለክቱ ከፍ ይላሉ። ስድስት ኤሌክትሮኖች ሦስቱን የታች ማደሪያዎች ይሞላሉ። የቀሩት ሦስት ኤሌክትሮኖች ሁለቱን የላይ ማደሪያዎች መካፈል አለባቸው።

ሁለት የጠፍር አልጋ ባለበት ቤት ሦስት እንግዳ መጣ እንበል። አልጋዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንግዶቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ቢሆንም በአንዱ አልጋ ሁለት፣ በሌላው አንድ ሰው ከመተኛቱ በቀር መንገድ የለም፤ ሁለት የተኙበትም ጠፍሩ ይረግባል። የትኛው አልጋ እንደሚረግብ አስቀድሞ የወሰነ የለም፤ አንዱ እንደሚረግብ ግን የተወሰነ ነው። የመዳቡም ነገር ይኸው ነው። ከሁለቱ የላይ ማደሪያዎች አንዱ ቁመት ያለው ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ያመለክታል፤ ሌላው ተንጣልሎ ወደ አራቱ ዙሪያ ጎረቤቶች ያመለክታል። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች በቁመታሙ ቢያድሩ የላይኛውንና የታችኛውን ኦክስጅን ይገፋሉ፤ እነዚያ ሲርቁ አራቱ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ። መራቁ ቁመታሙን ማደሪያ ዝቅ ያደርገዋል፤ መጠጋቱ ጠፍጣፋውን ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ዝቅ ሲሉ አንድ ከፍ ስለሚል የአንዱ ኤሌክትሮን ትርፍ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ «ኦክስጅኖቹን ከቦታቸው ማንቀሳቀስስ ዋጋ የለውምን?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አለው። በአቶሞች መካከል ያለው ማሰሪያ እንደ ምንጭ ሽቦ ነው፤ ሲለጥጡት ይቃወማል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ግን የሁለቱ አስተዳደግ መለያየቱ ነው። የኤሌክትሮኑ ትርፍ ከተለጠጠው ርቀት ጋር እኩል ያድጋል፤ የመለጠጡ ወጪ ግን ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል። ለማስላት እንዲቀል መለኪያውን ርቀቱ አንድ ሲሆን ትርፉም ወጪውም አንድ እንዲሆኑ አድርገን እንምረጥ። ርቀቱ አንድ አሥረኛ በሆነ ጊዜ ትርፉ አንድ አሥረኛ ነው፤ ወጪው ግን አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ርቀቱ አንድ መቶኛ ቢሆን ወጪው አንድ አሥር ሺኛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ጥቂት እርምጃ ምንጊዜም ታዋጣለች፤ ማሰሪያው የቱንም ያህል የጠነከረ ቢሆን አያግዳትም። መዛባቱ እያደገ ሄዶ ግማሽ ርቀት ላይ ይቆማል፤ በዚያ ቦታ ትርፉ ግማሽ፣ ወጪው ሩብ፣ የተጣራው ሩብ ይሆናል። ነጋዴ የሆነ ሰው ቢኖር ካገኘው ግማሹን ለወጪ ከፍሎ ግማሹን ይዞ ገባ ይላል። ሥዕሉ ላይ ያሉት ስድስት እኩል መስመሮች በመዳብ ላይ የማይጸኑት በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው በቀጥተኛው ሞሌኪውል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፉ አንድ ስለ ሆነ ከርቀቱ ጋር እኩል የሚያድገው ትርፍ የለም፤ ትርፉም እንደ ወጪው ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የጠነከረ ማሰሪያ ሊያሸንፈው ይችላል። ቴለር ላንዳውን የረታው በዚህች ልዩነት ነው።

አሁን የኮፐር ሰልፌቱን ማስረጃ ራሳችን እንክሰሰው። አራቱ ቅርብ ጎረቤቶች የውሃ ናቸው፤ ሁለቱ ሩቆች የሰልፌት ናቸው ብለናል። ታዲያ የራቁት በሌላ ምክንያት፣ የሌላ ወገን ስለ ሆኑ ቢሆንስ? ክሱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ስድስቱም ጎረቤቶች ውሃ የሆኑበት የመዳብ ጨው መፈለግ ግድ ሆነ፤ እርሱም ኮፐር ፍሉኦሲሊኬት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦክስፎርድ ብሊኒ የተባለው ሳይንቲስትና ጓደኞቹ ለራዳር በተሠራው የማይክሮዌቭ መሣሪያ ጥበብ ተጠቅመው ይህን ጨው በ1950 እና በ1952 እ.ኤ.አ. መረመሩት። ያገኙት ነገር መጀመሪያ ግራ የሚያጋባ ነበር። ጨው ሙቀት ሳለው መዳቡ በሦስቱም አቅጣጫ ፍጹም እኩል ሆኖ ታየ፤ ያን–ቴለር የሚሉት ነገር የለም የሚያሰኝ ነው። እጅግ በቀዘቀዘ ጊዜ ግን እኩልነቱ ጠፍቶ ተለጥጦ ተገኘ።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። መለጠጡ በላይና ታች ዘንግ ሊሆን ይችላል፤ በግራና ቀኝ ዘንግም፣ በፊትና ኋላ ዘንግም ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ እኩያ ናቸው። አቶሞች ደግሞ ዕረፍት የላቸውም፤ ዘወትር ይርገበገባሉ። ሙቀት ባለ ጊዜ አዮኑ ከአንዱ መለጠጥ ወደ ሌላው እየዘለለ ይኖራል፤ ኤሌክትሮኖቹም የአቶሞቹን መርገብገብ እየተከተሉ ማደሪያቸውን ይለውጣሉ። በረጅም ማሕሌት መቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሰው አይታችኋል። አንድ ጊዜ በቀኝ እግሩ፣ አንድ ጊዜ በግራው ክብደቱን ይጥላል። ከሩቅ ለሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን በየትኛዋም ደቂቃ በሁለቱ እግሮቹ እኩል አልቆመም። ቅዝቃዜ ሲበረታ መዳቡ በአንዱ እግሩ ይጸናል። ስለዚህ እኩል ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የሚያየው መሣሪያ የዘገየ ሊሆን ይችላል።

በክሪስታል ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንዱ ኦክስጅን የሁለት አዮኖች ጎረቤት በሆነበት ክሪስታል አንዱ አዮን ሲለጠጥ የሌላውን ቦታ ይነካል። በጠባብ መደብ ላይ አምስት ስድስት ሆነው የተኙ ልጆች አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም መገላበጥ እንዳለባቸው፣ አዮኖቹም መለጠጣቸውን ያስማማሉ፤ ከዚያም ክሪስታሉ በሙሉ ቅርፁን ይለውጣል። ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ነገር ከላቦራቶሪ ይልቅ በራዲዮ ባትሪ ውስጥ ይቀርበዋል።

ባለፈው የጥር ዕረፍት አገር ቤት ሳለን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን የራዲዮናቸውን የባትሪ ድንጋዮች ደጃፋቸው ላይ ለፀሐይ አስጥተው አገኘናቸው። «ምነው አባባ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ይነሣል እንዴ?» አልናቸው። «መች ይነሣል ልጆቼ! ለአንድ ማታ ዜና ያሰማኛል እንጂ ከዚያ ወዲያ ምድጃ ቢከቱትም አይነሣ። ለመሆኑ እናንተ ተምራችኋል፤ ምን ነክቶት ነው የሚሞተው?» አሉን። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ቀን የሰጠናቸውን መልስ እዚህ ሰፋ አድርገን እንናገረዋለን።

የባትሪው ድንጋይ ውጭው ቆርቆሮ ዚንክ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ዚንኩ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ኤሌክትሮኑ በራዲዮኑ በኩል ዞሮ ወደ ማንጋኒዙ ይገባል። ባልተነካው ዱቄት ውስጥ እያንዳንዱ ማንጋኒዝ ሦስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ብቻ አሉት፤ ሦስቱም በሦስቱ የታች ማደሪያዎች አንድ አንድ ሆነው ያድራሉ። አድልዎ ስለሌለ መዛባትም የለም። ከዚንኩ የመጣው አራተኛ ኤሌክትሮን ሲገባ ግን የሚያድረው በላይኞቹ ነው፤ አሁን ሁለት አልጋ፣ አንድ እንግዳ ሆነ። ስለዚህ ማንጋኒዙ ይለጠጣል፤ አራቱ ኦክስጅኖች 2 አንግስትሮም በማይሞላ ርቀት ሲቀሩ ሁለቱ ወደ 2.2 እና 2.3 ይሄዳሉ። በየአቶሙ እንዲህ ሲሆን የዱቄቱ ቅንጣት ያብጣል፤ አሠራሩም ይዛባል። ኤሌክትሮኑን መልሶ ማውጣትና ክሪስታሉን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ከባድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብቸኛው ምክንያት ነው አንልም፤ ዚንኩም ተበልቶ ያልቃል። የፀሐዩ ሙቀት የሚሠራው ውስጡ ያሉት ነገሮች ትንሽ እንዲንቀሳቀሱ መርዳት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ማታ ዜና ያሰማል።

«ይህ ሁሉ ለጋይንት ገበሬ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ስለሚነሣ እዚሁ ላይ እንመልስለት። በሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ ማንጋኒዝ ተፈላጊ ነው፤ ዋጋው ከኮባልት ይልቅ ርካሽ፣ ጉዳቱም አነስተኛ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣችው ኒሳን ሊፍ የተባለች የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዋ በማንጋኒዝ የተሠራ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክሪስታል ሊቲየም ከመጠን በላይ በገባበት ጊዜ ማንጋኒዞቹ በሙሉ ወደ ተለጣጩ ዓይነት ይለወጣሉ፤ ኪዩቡ በአንድ ወገን ብቻ ይረዝማል፤ ርዝመቱም ከወርዱ በ16 በመቶ ያህል ይበልጣል። ቅንጣቶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ባትሪው ያረጃል። መሐንዲሶቹ ከማንጋኒዙ ጥቂቱን በአሉሚኒየም ወይም በኒኬል ወይም በራሱ በሊቲየም እየተኩ ተለጣጮቹ አዮኖች ከግማሽ እንዳይበልጡ ያደርጋሉ። ላንዳው በኮፐንሃገን ያነሣው ክርክር በመኪና ባትሪ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የባትሪ ነገር የሩቅ ሰው ነገር አይደለም፤ በአፋር በረሃም የማንጋኒዝ ማዕድን መኖሩ የታወቀ ነው። ማዕድኑን እየቆፈሩ ጥሬውን መሸጥና ለምን እንደሚያብጥ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚሠራ ሰው ከየትኛው ትምህርት ቤት ይወጣ ይሆን?

ከዚሁ ራዲዮን ሳንርቅ አንድ ነገር እንጨምር። ራዲዮኑ ፈጽሞ በተሰበረ ጊዜ ማግኔቱ ከእስፒከሩ ወጥቶ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ዝናብ ካባራ በኋላ ልጆች ማግኔቱን በክር አስረው በቦዩ አሸዋ ላይ ሲጎትቱት ጥቁር ጸጉር ያበቅላል። ያ ጥቁር አሸዋ ከየት መጣ? ከጥቁሩ ድንጋያችን ነው። የሰሜኑ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጎርፍ መልክ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ አብዛኛውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደ ፈሰሰ በሊማሊሞና በወገል ጤና ገደሎች ላይ የተደረገ ምርመራ በ1997 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ጉና ከዚያ በኋላ፣ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የመጣ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ቲታኖማግኔታይት የሚባል፣ ብረትና ቲታኒየም ያለበት ጥቁር ማዕድን አለ። ዝናብ ድንጋዩን ሲያፈርሰው ይህ ማዕድን ከባድ ስለ ሆነ በቦዩ ይቀራል።

በዚህ ማዕድን ውስጥ ከብረቱ አዮኖች አንዳንዶቹ የተከበቡት በስድስት ሳይሆን በአራት ኦክስጅን ነው። አራት በሆነ ጊዜ የማደሪያዎቹ ተራ ይገለበጣል፤ ሁለቱ ታች፣ ሦስቱ ላይ ይሆናሉ። ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት ስድስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ሦስቱ በሦስቱ የላይ ማደሪያዎች አንድ አንድ ሲያድሩ ሦስቱ ሁለቱን የታች ማደሪያዎች ይካፈላሉ። እንግዲህ ሦስት እንግዳ፣ ሁለት አልጋ፤ ዳግመኛ ያው ሆነ። ቲታኒየም የበዛበት ንጹሕ ዓይነቱ፣ ኡልቮስፒኔል የሚባለው፣ ከዜሮ በታች ወደ 110 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ኪዩብነቱን ትቶ ይረዝማል። የጉና ውርጭ ምንም ቢበረታ ወደዚያ ስለማይደርስ በጋይንት ያለው አሸዋ እንደ ባለ መቋሚያው ሰው እግሩን እየለዋወጠ ይኖራል ማለት ነው። ዝንባሌው ግን በሙቀትም ይታወቃል፤ ቲታኒየም ያለበት ማግኔታይት ማግኔት በቀረበው ጊዜ ርዝመቱን ከተራው ማግኔታይት ይበልጥ ይለውጣል፤ ተመራማሪዎችም ምክንያቱን ከነዚህ ብረቶች ላይ ያደርጉታል። ይህ ድንጋይ በቀዘቀዘበት ዘመን የነበረውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይዞ የቆየ በመሆኑ፣ ያንን አቅጣጫ የሚያነብ ሰው የማዕድኑን ጠባይ ማወቅ አለበት።

ስለ ሌሎቹ ነገሮች ጊዜው አይበቃንም። በዙሪክ አጠገብ በአይ.ቢ.ኤም. ላቦራቶሪ ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉት ሁለት ሰዎች በ1986 እ.ኤ.አ. በመዳብ ኦክሳይድ ላይ ያለ ተቃውሞ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ባገኙ ጊዜ ወደ መዳቡ የመራቸው ይኸው ያን–ቴለር የሚሉት ሐሳብ እንደ ነበረ ራሳቸው ተናግረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የተገኘው ነገር ምክንያቱ በእርግጥ እርሱ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አላለቀም። ሐሳቡ መንገድ አሳይቶ ከደረሱ በኋላ ሌላ ምክንያት ቢገኝ አያስገርምም።

አሁን ልመናችንን እናቅርብ። ላንዳው የሬነርን ሥራ በተቃወመ ጊዜ ስለዚያ ሞሌኪውል የተናገረው ልክ አልነበረም። «ተቀመጥ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ያንና ቴለር የሚመረምሩት ነገር አይኖራቸውም ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በየሁለት ሳምንቱ ዐርብ ማታ አንድ ሰዓት እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። በዚያች ሰዓት አንድ ተማሪ ከመጽሐፍ ያገኘውን ነገር ያስረዳል፤ የቀሩት ይቃወማሉ፤ መምህራን ቢመጡ በመካከላችን ይቀመጣሉ እንጂ ማርክ አይሰጡም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና ጠመኔ ነው። ሁለተኛም የአማርኛ መምህራኖቻችን ለዚህ ውጤት ስም እንዲፈልጉልን እንለምናለን። እኛ «የእኩያ ማደሪያ መዛባት» ብለነዋል፤ ረዘመ የሚል ወዳጃችን ቢያሳጥረው ደስ ይለናል።

በጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን አሁን ቀርባችሁ እዩ። በወረቀት ያለው ጥቁር አሸዋ ከንፋስ መውጫ የመጣ ነው፤ ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር አዙሩት። የተሰነጠቀውን የባትሪ ድንጋይ በእጃችሁ አትንኩ፤ ያጠቁራል። ሰማያዊውን ደግሞ ማንም እንዳይቀምሰው፤ መርዝ ነው። እርሱን በማንኪያ አድርገን እሳት ላይ ስንይዘው ውሃው ሲለቀው ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ውሃ ስናንጠባጥብበት ሰማያዊነቱ ይመለሳል። የኋላ ረድፍ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ክብሪት ያለው ያቀብለን።